ሰርተፊኬቱን የሚቀበለው ማን ነው?

«በ19 ዶላር ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት ያለው ሰርተፊኬት!» ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ይመጣብኛል። የእናንተም ስልክ ከዚህ ያመለጠ አይመስለኝም። አንዱ የሕሙማን እንክብካቤ አስተምራለሁ ይላል፣ ሌላው የሂሳብ አያያዝ፣ ሦስተኛው የኮምፒውተር ጥገና፣ አራተኛው የሕፃናት አያያዝ። ሁሉም የወርቅ ቀለም ማኅተም ያለበት ወረቀት ያሳያሉ። ዋጋቸውም ከአንድ ቀን ምሳ ብዙ አይበልጥም።

በሰው አገር የሚኖር ሰው እንዲህ ላለው ማስታወቂያ ልቡ ቢሸነፍ አይፈረድበትም። ቀን ሥራ፣ ማታ ልጆች፣ ቅዳሜ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ ሲሆን ክፍል ገብቶ ለመማር ጊዜው ከየት ይመጣል? አገር ቤት ለዓመታት የለፋንበት ዲግሪ ከሻንጣ ሳይወጣ ሲቀር፣ በስልክ ተምሮ አዲስ ወረቀት መያዝ ደህና አቋራጭ መስሎ ይታያል።

እኔ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። የእንግሊዝኛ ቅጽ መሙላትና ደብዳቤ ማንበብ ስለማይከብደኝ ዘመድ ወዳጁ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው አንድ ዓመት ደጋግሞ የመጣልኝ ጥያቄ «ይሄ የኦንላይን ሰርተፊኬት ይሠራል?» የሚል ነው። በግምት መመለስ ስላልፈለግኩ ስልክ መደወልና መመሪያ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ሁለቱን ላጣራ ብዬ የጀመርኩት ደርዘን ያህል ሆነ። ያገኘሁትን ዛሬ ላካፍላችሁ።

«ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «የት ይሠራል?»

መጀመሪያ የተረዳሁት ጥያቄው ራሱ ጎደሎ መሆኑን ነው። ሰርተፊኬት እንደ ገንዘብ በሁሉም ሱቅ አይመነዘርም። ቁልፍን ይመስላል። ስለ ቁልፍ ስንጠይቅ «ጥሩ ቁልፍ ነው ወይ?» አንልም፤ «የየትኛው በር ቁልፍ ነው?» እንላለን። ሰርተፊኬትም እንዲሁ ነው። ወረቀቱን የሚሸጠው ድርጅት ምንም ቢል፣ የመጨረሻው ቃል የተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ፈቃድ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቀጣሪ፣ ወይም ትምህርቱን በክሬዲት የሚቆጥር ኮሌጅ። ሻጩ ከሦስቱ አንዱንም አይደለም።

«በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት ያለው» የሚለው ሐረግ ጆሮ የሚሞላውን ያህል ትርጉም የማይሰጠውም ለዚህ ነው። ዓለም የሚባል ቀጣሪ የለም። ያለው በመንገዱ ማዶ ያለ ክሊኒክ፣ በከተማው ያለ የመንጃ ፈቃድ ቢሮ፣ በአውራጃው ያለ የጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነው። የእነርሱን መልስ ማወቅ ይቻላል።

ሦስት ዓይነት ወረቀት

አገር ቤት ሲኦሲ የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። አንድ ተማሪ በቴክኒክና ሙያ ትምህርቱን ጨርሶ ከተቋሙ ወረቀት ቢቀበልም፣ የብቃት ምዘናውን ካላለፈ በሙያው ለመቀጠር ይቸገራል። መማርና ብቃትን በፈተና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናውቃለን ማለት ነው። ባሕር ስንሻገር ግን ይህን እውቀት ብዙዎቻችን አገር ቤት ትተነው የመጣን ይመስላል። እዚህም ወረቀቱ በደረጃ የተከፈለ ነው።

የመጀመሪያው የማጠናቀቂያ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ሰው ቪዲዮዎቹን እስከ መጨረሻው ከፍቷል» ይላል። ርካሾቹ ሰርተፊኬቶች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ለምሳሌ ብዙዎቻችን የምናውቀው ዩዴሚ የማጠናቀቂያ ወረቀት ይሰጣል፤ ነገር ግን ራሱ ድርጅቱ እውቅና የተሰጠው የትምህርት ተቋም እንዳልሆነ ለተጠቃሚዎቹ ይገልጻል። ይህ የሚያስነውር አይደለም። ሻጩ እውነቱን እስከተናገረና ገዢው የሚገዛውን እስካወቀ ድረስ ትምህርቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ያለበት የሙያ ማረጋገጫ ነው። በኮምፒውተር ሥራ የሚታወቀው የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን ማረጋገጫ ለማግኘት ሁለት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ማንነትህን አሳይተህ፣ እየታየህ ትፈተናለህ። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ሲሆን ቀጣሪው እውነተኛ መሆኑን በመለያ ቁጥሩ ማጣራት ይችላል። ለፈተናው በ15 ዶላር ቪዲዮ ተዘጋጅተህ ይሁን በሺህ ዶላር ትምህርት ቤት፣ የሚጠይቅህ የለም። የሚታየው ፈተናው ነው።

ሦስተኛው የሙያ ፈቃድ ወይም በመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈር ነው። ነርስ፣ የነርስ ረዳት፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ፀጉር ሠሪ ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ላይ ሕግ አለ፤ ሕጉ ያላወቀው ወረቀት የቱንም ያህል ቢያምር ለሥራ አያበቃም። በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ ያየሁት ችግርም የመጀመሪያውን ዓይነት ወረቀት በሦስተኛው ስም መሸጥ ነው።

የወንድሜ ልጅ ጉዳይ

የወንድሜ ልጅ በዲቪ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። የምትሠራው በመኪና ማቆሚያ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። ከደመወዟ በየወሩ ለእናቷ ትልካለች። ሐሳቧ ሌሊቱን ሥራ ትታ ነርሲንግ ሆም ውስጥ መቀጠር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ነርስነት ማደግ ነበር። አንድ ቀን በ39 ዶላር «የተመሰከረለት የነርስ ረዳት» የሚያደርግ የኦንላይን ሥልጠና አግኝታ አሳየችኝ። በወሩ መጨረሻ ሥራውን ለመልቀቅም አስባለች።

«እትዬ፣ 39 ዶላር ምን ይጎዳል? ባይሠራም ይቅር ይባላል» አለችኝ።

እኔን ያሳሰበኝ 39 ዶላሩ አልነበረም። ከሌሊት ፈረቃ በኋላ እንቅልፏን ሰውታ የምታጠናባቸው ሳምንታት፣ የምትለቀው ሥራ፣ ለእናቷ ሳይላክ የሚያልፈው ወር ነበር። የርካሽ ሰርተፊኬት ትክክለኛ ዋጋ ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። አብረን እንድናጣራ ተስማማን።

መጀመሪያ የጻፍነው ለሻጩ ነው። «የቨርጂኒያ የነርሲንግ ቦርድ ይህን ሥልጠና ይቀበላል?» ብለን ጠየቅን። «ሰርተፊኬታችን በመላው ዓለም ባሉ ቀጣሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው» የሚል መልስ መጣ። «እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቀጣሪ ጥቀሱልን» አልን። «በአካባቢዎ ያለውን የሚመለከተውን አካል ይጠይቁ» አሉን። ከዚያ የውል ጽሑፉን እስከ ታች አነበብኩት። በደቃቅ ፊደል «ይህ ሥልጠና የሙያ ፈቃድ አያስገኝም» ይላል። ማስታወቂያው በትልቅ ፊደል የሰጠውን ውሉ በትንሽ ፊደል ነስቶታል።

ሁለተኛው ስልክ ወደ አንድ ነርሲንግ ሆም የሰው ኃይል ክፍል ነበር። ያነሳችው ሴት ስለ ሰርተፊኬቱ ስንነግራት ማን እንደሰጠው እንኳ አልጠየቀችም። «ስሟ መዝገቡ ላይ አለ?» አለች። የለም አልናት። «እንግዲያው እንደ ነርስ ረዳት ልንቀጥራት አንችልም» ብላ በትሕትና መለሰች። ወረቀቱን ላሳይሽ ብትላትም አታየውም፤ እርሷ የምታየው መዝገቡን ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ደንቡን ፈለግኩ። በአሜሪካ የነርሲንግ ሆም የነርስ ረዳቶች ሥልጠና በ1987 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተመሠረተ ነው። በደንቡ መሠረት ሥልጠናው ቢያንስ 75 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16 ሰዓቱ በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር የሚደረግ የተግባር ልምምድ መሆን አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች 160 ሰዓት ይጠይቃሉ። ሥልጠናውን ግዛቱ ያጸደቀው ተቋም መስጠት አለበት። ከዚያ ፈተና አለ፤ አንዱ ክፍል እውቀትን፣ ሌላው በእጅ የሚሠራውን ይመዝናል። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ስሙ በግዛቱ መዝገብ ይገባል። ሰውን ከአልጋ ማንሳት፣ ማጠብ፣ የደም ግፊት መለካት በቪዲዮ ብቻ ተምረው የሚጨርሱት ነገር አይደለም። ተኝቶ የሚጠብቀው የሰው አባት ነው።

ደንቡን ማንበቤ ግን ያልጠበቅኩትንም አሳየኝ። ሥልጠናውን በሚጀምርበት ቀን በነርሲንግ ሆም የተቀጠረ ወይም የቅጥር ቃል የተሰጠው ሰው ለሥልጠናው ምንም ክፍያ ሊጠየቅ አይችልም፤ ለመጽሐፉም ቢሆን። በራሱ ከፍሎ የተማረ ሰው ደግሞ ከጨረሰ በኋላ በ12 ወር ውስጥ በነርሲንግ ሆም ከተቀጠረ፣ በሥራ ላይ በቆየበት መጠን የከፈለው እንዲመለስለት ግዛቱ ሁኔታውን ማመቻቸት አለበት። ፈተናውም ቢሆን የእውቀቱን ክፍል በጽሑፍ ወይም በቃል ለመውሰድ ምርጫ ይሰጣል። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብደው ወገናችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የወንድሜ ልጅ ይህን ስትሰማ ጥያቄዋ ተለወጠ። ነርሲንግ ሆሞችን እየደወለች «የነርስ ረዳት መሆን እፈልጋለሁ፤ አሠልጥናችሁ ትቀጥራላችሁ?» ትላቸው ጀመር። አምስተኛው ላይ አዎ ያላት ተገኘ። የመኪና ማቆሚያውን ሥራ የለቀቀችው የቅጥር ደብዳቤው እጇ ከገባ በኋላ ነው። ሥልጠናውን ጨርሳ፣ ተፈትና፣ አሁን ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። ለሥልጠናው ያወጣችው ዶላር የለም።

ርካሽ ሆኖ በሩን የሚከፍት

እስከዚህ ያነበበ ሰው «ርካሽ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ያጣራሁት ግን ይህን አያሳይም። ከርካሾቹ መካከል ሕግ የሚቀበላቸው አሉ።

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ በትንሿ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። በካሊፎርኒያ ምግብ የሚያዘጋጅና የሚያቀርብ ሠራተኛ የምግብ ንጽሕና ካርድ መያዝ አለበት። ካርዱ በኦንላይን ተምሮና ተፈትኖ የሚገኝ ሲሆን ለ3 ዓመት ያገለግላል። ሕጉ ራሱ ቢያንስ አንድ ሥልጠና ከፈተናው ጋር ከ15 ዶላር ባልበለጠ ዋጋ እንዲገኝ ያዛል። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ወጪውን መሸፈን ያለበት ቀጣሪው ነው። ስለዚህ በ15 ዶላር የተገኘ የኦንላይን ካርድ ሙሉ ተቀባይነት አለው። ነገር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ሰጪው በተገቢው አካል እውቅና ያገኘ መሆን አለበት፣ ካርዱም የሚያገለግለው እዚያው ካሊፎርኒያ ነው። በግዛቱ ውስጥ እንኳ እንደ ሳን ዲዬጎ ያሉ አውራጃዎች የራሳቸው ካርድ አላቸው።

ሌላው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። ብዙ ወንድሞቻችን፣ እህቶችም ጭምር፣ የሚሠሩበት ሙያ ስለሆነ ጥያቄው በተደጋጋሚ ይመጣል። ከየካቲት 7 ቀን 2022 ጀምሮ በአሜሪካ ሲዲኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው በፌዴራል መንግሥቱ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ ካለ ተቋም መሠልጠን ግዴታው ሆኗል። ሥልጠናው ሁለት ክፍል አለው። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኦንላይን መማር ይፈቀዳል፤ በመጨረሻው ምዘና ቢያንስ 80 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። የመሪው ክፍል ግን በአካል፣ በመኪናው ላይ ነው። አንድ ጎረቤታችን የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በርካሽ የኦንላይን ትምህርት ጨርሶ ያለ ችግር አልፏል። የረዳው ነገር ከመክፈሉ በፊት የተቋሙን ስም በመዝገቡ ላይ መፈለጉ ነው። እዚህም ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። መጨረስህን ተቋሙ ራሱ በኮምፒውተር ወደ መዝገቡ ይልካል፤ የመንጃ ፈቃድ ቢሮውም የሚያየው ያንን ነው።

ሦስተኛው የመጀመሪያ እርዳታና የልብ ምት መመለስ ሥልጠና ነው። ሕፃናት የሚጠብቁ፣ በሆም ኬር የሚሠሩ፣ ክሊኒክ ውስጥ ያሉ ሁሉ ይጠየቁታል። «በ20 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነትን የሚቆጣጠረው ኦሻ ግን በእጅ የሚደረግ ልምምድ የሌለበት ሥልጠና ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ገልጿል። ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በብዛት የሚጠይቁት የአሜሪካ የልብ ማኅበር ካርድም ትምህርቱን በኦንላይን መከታተል ቢፈቅድም፣ በአሻንጉሊት አካል ላይ በእጅ ሳይሠሩና ሳይታዩ አይሰጥም። ካርዱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው።

ውድ ሆኖ የማይከፍት

የዋጋ ውድነትም ዋስትና አይደለም። በጥር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ዓቃቤ ሕግ በፍሎሪዳ የነበሩ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ ሸጠዋል በማለት 25 ሰዎች መክሰሱን አስታወቀ። ገዢዎቹ ለአንዱ ዲፕሎማ ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በስም ሲታዩ ፈቃድ የነበራቸው ናቸው፤ ችግሩ ትምህርቱን ሳይሰጡ ወረቀቱን መስጠታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የበርካታ ግዛቶች የነርሲንግ ቦርዶች መዝገባቸውን እየፈተሹ የተሰጡ ፈቃዶችን እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ይህን ያህል ገንዘብ ተበድሮ የከፈለ ሰው ወረቀቱንም፣ ሥራውንም፣ ስሙንም አጣ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ አክሳክት ስለተባለ በፓኪስታን ካራቺ ስለነበረ ድርጅት ሰፊ ዘገባ አውጥቶ ነበር። ድርጅቱ የሌሉ ዩኒቨርሲቲዎችን በኢንተርኔት ፈጥሮ ዲግሪ ይሸጥ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ለሐሰት ዩኒቨርሲቲዎቹ እውቅና የሚሰጡ የሐሰት አካላትም መፈጠራቸው ነው። ሌባው ለራሱ ምስክር አቆመ ማለት ነው። ስለዚህ «እውቅና አለን» የሚለውን ስንሰማ «እውቅና የሰጣችሁን ማን ያውቀዋል?» ብለን አንድ ደረጃ ወደ ላይ መጠየቅ አለብን። በአሜሪካ ለኮሌጆች እውቅና የሚሰጡት አካላት ራሳቸው በትምህርት ሚኒስቴሩ ወይም ቼአ በሚባለው ምክር ቤት መታወቅ አለባቸው። የሁለቱም ዝርዝር በነፃ ይታያል።

ቃላቱን እንፍታቸው

ማስታወቂያዎቹ ደጋግመው የሚጠቀሙባቸው ጥቂት ቃላት አሉ። ትርጉማቸውን ማወቅ ብዙ ያግዛል።

«ሲፒዲ» የሚለው በሙያው ላይ ያለ ሰው እውቀቱን የሚያድስበት ተከታታይ ሥልጠና ነው። ቀድሞ ነርስ የሆነን ሰው ይጠቅማል፤ ነርስ ያልሆነን ሰው ግን ነርስ አያደርግም።

«አይሶ» የሚለው ማኅተም ስለ ድርጅቱ አሠራር የሚናገር መለኪያ ነው። አይሶ ራሱ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም፤ ደረጃውን ያወጣል እንጂ። የሥልጠና ድርጅቱ ቢሮውን በሥርዓት መምራቱ የሠልጣኙን ብቃት አያሳይም።

«የተመዘገበ ድርጅት» ማለት ንግድ ፈቃድ አውጥቷል ማለት ነው። ሱቅም የተመዘገበ ነው።

«ለፈተና ያዘጋጃል» የሚለውም ልብ ይባል። ማዘጋጀትና ለፈተናው እንድትቀርቡ ማብቃት አንድ አይደሉም። ፈተና ሰጪው የሚጠይቀው የሥልጠና ሰዓት ካለ፣ ያ ትምህርት ይቆጠር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ለኮሌጅ ክሬዲት ይቆጠራል» የሚለው ደግሞ አንዳንዴ እውነት ነው። ለምሳሌ ጎግል በኮርሴራ በኩል የሚሰጣቸው አንዳንድ የሙያ ሰርተፊኬቶች ከአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት የክሬዲት ምክረ ሐሳብ አግኝተዋል። ምክረ ሐሳብ ግን ምክረ ሐሳብ ነው። የመቀበልና ያለመቀበል ሥልጣኑ የኮሌጁ ስለሆነ፣ ልትገቡ ያሰባችሁበትን ኮሌጅ መጠየቅ የግድ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ለምትኖሩ

እንግሊዝ አገር ያላችሁ «ሌቭል 3 ዲፕሎማ» የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ ሳታዩ አትቀሩም። በእንግሊዝ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያሉ የሙያ ማረጋገጫዎች በኦፍኳል መዝገብ ላይ ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሻጩን ቁጥሩን ጠይቁት፣ ከዚያ በመዝገቡ ላይ ፈልጉት። ቁጥር ከሌለው «ሌቭል» የሚለው ቃል ጌጥ ሊሆን ይችላል። በጥበቃ ሥራ ለመሠማራት የምታስቡ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ኤስአይኤ የሚቀበለውን ሥልጠና አስቀድማችሁ እዩ።

ጀርመን ያላችሁ አናቢን የተባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ያሳያችኋል። በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች የውጭ የትምህርት ማስረጃን የሚመለከት ብሔራዊ ማዕከል አለ፤ ማዕከሎቹ ኤኒክ ናሪክ በሚል ስም የተሳሰሩ ናቸው።

በዓረብ አገራት በጤና ሙያ ለመሥራት የምታስቡ ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻችኋል። የሳዑዲ የጤና ባለሙያዎች ኮሚሽንና የዱባይ ጤና ባለሥልጣንን የመሰሉ ተቆጣጣሪዎች የትምህርት ማስረጃን ዳታፍሎው በሚባል ድርጅት በኩል ከምንጩ ያጣራሉ። ወረቀቱን የሰጠው ተቋም በቀጥታ ይጠየቃል ማለት ነው። የውጭ ጉዳይና የኤምባሲ ማኅተም የሚያረጋግጠው ፊርማው ትክክል መሆኑን እንጂ ትምህርቱ ለሥራ ማብቃቱን አይደለም። ከአገር ቤት በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሥራ ለሚሄዱ እህቶቻችንም የሚጠየቀው በአገር ውስጥ የብቃት ምዘና የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ በስልክ የተገዛ ወረቀት አይተካውም።

ኢትዮጵያ ላለ ወንድም ወይም እህት የኦንላይን ዲግሪ ለመክፈል የምታስቡም ብትኖሩ፣ ከውጭ የተገኘ የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት የሚሠራለት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት እዚያ ጎራ ብሎ እንዲጠይቅ አድርጉ።

ከመክፈላችሁ በፊት

እኔ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ የምትፈልጉትን ሥራ በስሙ ጥሩት። «ጤና ነክ ሥራ» አይበቃም፤ «በዚህ ከተማ በነርሲንግ ሆም የነርስ ረዳት» በሉ።

ሁለተኛ፣ በአካባቢያችሁ የወጡ አምስት የሥራ ማስታወቂያዎችን አንብቡ። ምን ዓይነት ወረቀት በስም ይጠይቃሉ? ልትገዙት ያሰባችሁት ስም ከአምስቱ በአንዱም ከሌለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሦስተኛ፣ ሥራው ፈቃድ ወይም መዝገብ የሚያስፈልገው እንደሆነ አጣሩ። የሚያስፈልገው ከሆነ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጸደቁ ሥልጠናዎችን ዝርዝር ውሰዱ። ሻጩ በላከላችሁ ማስፈንጠሪያ አትግቡ፤ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡ።

አራተኛ፣ ለቀጣሪው ደውሉ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትፈሩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ «ይህን ሰርተፊኬት ይዤ ብመጣ ለዚህ ሥራ ትቀጥሩኛላችሁ?» የምትደውሉት ለሁለት ሦስት ቀጣሪ ይሁን። መልሳቸውን በኢሜይል ብታገኙት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አምስተኛ፣ ለሻጩ ጻፉና በዚያችው ከተማ የተቀበለ አንድ ቀጣሪ በስም እንዲጠቅስ ጠይቁት። ደቃቁን ፊደልም አንብቡ። «አያስገኝም»፣ «አይተካም»፣ «ዋስትና አንሰጥም» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ።

ስድስተኛ፣ በነፃ የሚገኝ መንገድ መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ፣ አሠልጥኖ የሚቀጥር ድርጅት፤ እነዚህ ማስታወቂያ ስለማይለቁ ስልካችሁ ላይ አይመጡም።

ይህ ሁሉ ቢበዛ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ጎን ለጎን አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ ርካሽ ትምህርቶች በይዘታቸው የሚናቁ አይደሉም። ኤክሴል የማያውቅ ሰው በ12 ዶላር ተምሮ ቢያውቅ አትርፏል፤ ወረቀቱን ማንም ባይጠይቀው ችሎታውን ሥራ ላይ ያሳየዋል። ክፍል ከመግባቱ በፊት የሙያውን እንግሊዝኛ ለመልመድ ቪዲዮ የሚያይ ሰውም ይጠቀማል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። ትምህርቱን ለእውቀት ብላችሁ ግዙ፤ ለወረቀቱ ብላችሁ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተቀባዩን ጠይቁ። እውቀቱን ለማግኘት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል።

በየቤታችን ይህን ጥያቄ የሚያነሱ አሉ፤ አዲስ የመጣች እህት፣ ሥራ ለመለወጥ የሚጥር ጓደኛ፣ ከሌሊት ፈረቃ ለመውጣት የሚፈልግ አባት። ማስታወቂያውን ሲያሳዩአችሁ «ተወው፣ ውሸት ነው» ብላችሁ አታሳፍሯቸው፤ ተስፋቸውን ይዘው ነው የመጡት። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስልኩን አንሱና አብራችሁ ለቀጣሪው ደውሉ።